የቀንድ አውጣው አሟሟት

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

እኔ፣ የዚህ ደብተር ባለቤት፣ ሙሉ ጤንነት እያለኝና ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን ከባድ ወንጀል መፈጸሜን በዚህ ጽሑፍ አምናለሁ፦ የፀጉር አስተካካዩን ሬዲዮ ባትሪዎች ገልብጬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጥልቅ ጸጸት ተሰምቶኛል ብል ያምርብኝ ነበር። አልተሰማኝም።

ምክንያት አለኝ። ሬዲዮው ዜና ሲያወራ ሽማግሌዎቹ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ የሚያዩት ያጡና ወደኔ ዞረው «ሂሳቡን ሠራሽ?» ይሉኛል። ሬዲዮው ሲሞት ግን ሌላ ዓለም ነው። ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ በጥፊ አጮለው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጆሮውን ለጠፈበትና ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ልቡ ነው» አለ። አያቴ ከወንበሩ ሳይነሳ «በሉ፣ ነፍሱን ይማር፤ ወደ ጨዋታችን» አለ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! የዱሮ ኮሜዲ፣ የዱሮ ዘፈን፣ የዱሮ ጭራቅ። ሂሳብ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን እኔም ረሳሁት፣ እነሱም ረሱት።

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱታ የለም። ፊት ለፊት ሁሉንም ሽማግሌ አንቱ እላለሁ። አያቴን ብቻ አንተ ነው የምለው፤ አንቱ ያልኩት ቀን ያመመኝ ይመስለዋል። እዚህ ግን አንቱታ ቀለም ይፈጃል።

ፀጉር ቤቱና ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። እናቴ መሥሪያ ቤት ስለምትውል ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ እንድቀመጥ ወስናለች። እኔን «አያትሽን ጠብቂልኝ» ትለኛለች። እሱን ደግሞ «አባዬ፣ ልጅቷን ጠብቅልኝ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን እንጠባበቃለን።

አያቴ በዘመኑ የሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ነበር፤ ማለት ከሕዝቡ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሆኖ ፊልሙን የሚያጫውተው ሰው። ሲኒማ ቤቱ አሁን የጎማ መጋዘን ሆኗል። ማዕረጉ ግን አልተነጠቀም፤ ጓደኞቹ እስከ ዛሬ «ኦፕሬተር» ይሉታል። እሱ እኔን «ቁንጫ» ይለኛል። እሱ ብቻ። ልብስ ሰፊው አንዴ ሞክሮት ነበር፤ መርፌዎቹን በሙሉ ሳሙና ውስጥ ተሰክተው ካገኘ በኋላ አልደገመውም።

ዛሬም ድምፁ ሻክሮ ዋለ። የፀጉር ብናኝ ነው ይላል። ብናኙ ዕድሜውን ሙሉ ውስጡ የኖረውን ፀጉር አስተካካይ ትቶ እሱን መምረጡ ይገርማል።


ረቡዕ

የዛሬው ችሎት፦ አስነጣሹ።

አስነጣሹ የነሱ ዘመን የመድረክ ኮሜዲያን ነው። ቀልድ ተናግሮ አያውቅም አሉ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ ንግግር ሊያደርግ አፉን ይከፍታል፣ ማስነጠስ ይመጣበታል። ሊያስነጥስ ነው፣ ሊያስነጥስ ነው… ይቀራል። እንደገና ይጀምራል። ምሽቱን ሙሉ ይኸው ነው። በቃ። በዚህ ብቻ ተመልካቹ በሳቅ ከወንበር ይወድቅ ነበር። አሁን የሚከራከሩት በመጨረሻው ዝግጅት ላይ አስነጥሷል ወይስ አላስነጠሰም በሚል ነው።

«አስነጥሷል!» አለ ልብስ ሰፊው። «የፊተኛው ረድፍ ነበርኩ። ኮቴ ረጥቧል።»

«አንተ ደግሞ የት ታውቀዋለህ የፊተኛውን ረድፍ? በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀህ አልነበር እንዴ የምታየው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ቀዳዳው ከፊተኛው ረድፍ ፊት ነበር።»

«እና ኮትህን በቀዳዳው አሾልከህ ነው ያስረጠብከው? ኦፕሬተር፣ ፍረድ እንጂ!»

አያቴ ለመፍረድ ተነሳ። እሱ ሲፈርድ በቃል አይደለም። ኮሌታውን አስተካከለ፣ አፍንጫው ሰፋ፣ ዓይኑ ጠበበ፣ አገጩ ወደ ጣሪያው መውጣት ጀመረ። ወንበር ላይ የተቀመጠው ደንበኛ አንገቱ በአረፋ እንደተሞላ ይንፈቀፈቃል፤ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ወደ ላይ አንስቶ «አትሳቅ፣ አትሳቅ፣ እቆርጥሃለሁ!» ይላል። እኔ በሳቅ መሬት ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ሳል መጣ። ረዥም ሳል። ልብስ ሰፊው ውሃ አመጣ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠና ልብስ ሰፊውን አየው፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ ወለሉን። ወለሉ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ፀጉር ነው።

«ይኸውላችሁ» አለ አያቴ ትንፋሹን ሲያገኝ፣ «አስነጣሹ ማስነጠስ አቅቶት ሳለ።»

ማታ እናቴ ወጥ ቤት ሆና በስልክ ስታወራ ሰማሁ፦ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?… ለሱ ገና አልነገርኩትም። ለልጅቷም።»

የሂሳብ ፈተናዬ መሆን አለበት። «ለሱ» ያለችው ማንን እንደሆነ ነው ያልገባኝ። አስተማሪውን ይሆናል።


ሐሙስ

ቸኩያለሁ።

ሂሳብ አይደለም።

አያቴ ጉሮሮ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ። ተቆርጦ ይወጣል። ቶሎ ስለተደረሰበት ይድናል ብላለች ዶክተሯ። ድምፁን ግን እንጃ። ሊቀር ይችላል፤ ላይቀርም ይችላል።

እራት ላይ ሁሉም ፀጥ ሲል «እንግዲህ በዚህ ቤት ሌላ ሰውም የማውራት ዕድል ሊያገኝ ነው» አልኩ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አያቴ ግን ሳቀ። ባይስቅ ኖሮ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ እዚያው አድር ነበር። ይሄን ምላስ ከየት አመጣሁት? ከሱ ነው እንጂ ከየት!

ሂሳብ አልሠራሁም።


ቅዳሜ፣ ረዘም ያለ

ቀዶ ሕክምናው ማክሰኞ ነው። አያቴ ጠዋት ፀጉር ቤት ገባና ባርኔጣውን መስቀያው ላይ ሰቅሎ «ዛሬ የቀንድ አውጣውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው የምናገረው፤ ደንበኛ የቸኮለበት ሌላ ቦታ ይላጭ» ብሎ አወጀ። መጀመሪያ ግን የሬዲዮውን ሆድ ከፈተ፣ ባትሪዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ገልብጦ አስገባቸው። ሬዲዮው ነፍስ ዘራ። ልብስ ሰፊው «አላልኳችሁም? ልቡ ነበር» አለ።

እንዳጋጣሚ ሁሌ የሚከራከሩበት ያ የዱሮ ዘፈን መጣ፤ ትራምፔቱ ያለበት። በዚህ ፀጉር ቤት ሕግ አለ፦ ትራምፔቱ ሲገባ ምላጩ ይነሳል። ፀጉር አስተካካዩ እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ነፊው ትንፋሹን እስኪጨርስ ይጠብቃል። የድሮ ደንበኞች ያውቁታል። የዛሬው አዲስ ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ «ጋሼ፣ እቸኩላለሁ እኮ» አለ።

«ሁላችንም እንቸኩላለን። እሱ ግን አልቸኮለም፤ ስማው» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

ትራምፔቱ ሲያልቅ ቀንድ አውጣው ጀመረ።

ፊልሙ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ነበር የመጣው። ስለዚህ አያቴ በኦፕሬተር ክፍሏ ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ እየተረጎመ ነበር የሚያጫውተው። ቋንቋውን ያውቅ ነበር? በፍጹም። «ከንፈራቸውን አይቼ የሚመስለውን እሰጣቸው ነበር» ይላል። ታሪኩ ይሄ ነው፦ ከባሕር አንድ ቀንድ አውጣ ይወጣል፤ ፎቅ ቤት ያክላል። ቀስ ነው የሚለው። ችግሩም ያ ነው፤ ቀስ ስለሚል ማንም አይደነግጥም። ሰው ሻንጣውን እያጣጠፈ፣ ሻይ እየደገመ፣ «ገና ሩቅ ነው» ሲል ደጃፉ ደርሶ ያገኘዋል። በፊልሙ መሃል ላይ አውሮፕላኖች ጨው ያዘንቡበታል። አረፋ ደፍቆ ይሞታል። ሕዝቡ ይጨፍራል፤ ወታደሩ ሳይንቲስቷን ያገባታል። አበቃ ሲባል ግን አላበቃም! ያ የሞተው ቀንድ አውጣ ተመልሶ ይመጣል፣ ድልድዩን ይሰብራል፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ይወጣና ቀንዶቹን ወደ ከተማው ያዞራል። የሲኒማ ቤቱ መብራት ይበራል። ፊልሙ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።

«አንድ ሰው ከወንበሩ አልተነሳም» አለ አያቴ። «አንድ ሰው!»

«እኔ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

«ቆይ፣ ጨው ከገደለው በኋላ እንዴት ተነሳ?» አልኩ።

«ቅርፊት አለዋ! ወደ ውስጥ ገብቶ አሳልፎት ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ወታደሩስ? ካገባት በኋላ ነው እኮ ሳይንቲስቷን መንገድ ላይ አግኝቶ 'ማን ልበል?' የሚላት።»

«ድንጋጤ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ሰው በድንጋጤ ሚስቱን ይረሳል። እኔ ያለ ድንጋጤም ረስቼ አውቃለሁ።»

ዋናው ነገር ግን ድምፁ ነው። ቀንድ አውጣ ድምፅ የለውም፤ በፊልሙም አልነበረውም። አያቴ ግን «ይሄን የሚያክል ሥጋ ዝም ብሎ አይሄድም» ብሎ በማይክሮፎኑ የራሱን ድምፅ ሰጠው። ዛሬም ሰጠው። ከሆዱ ነው የሚጀምረው፤ መስታወቱ ሥር ያሉት የሽቶ ጠርሙሶች ይንቀጠቀጣሉ። ፀጉሩን የሚቆረጥ ሕፃን በልቅሶ ፈነዳ። ዝም ሲል ደግሞ «ድገመው!» አለ። አያቴ ደገመው። ሕፃኑ «ድገመው!» አለ። አሁንም ደገመው።

«ኧረ ይበቃሃል፣ ጉሮሮህን» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ተወኝ፣ ዛሬ ልጠቀምበት» አለ አያቴ።

ልቀዳው ስልኬን ሳወጣ ባትሪው አልቋል። ጠዋት ሙሉ የማይረባ ጌም ስጫወትበት ነበር። የማልረባ እኔ።


እሑድ

አገኘሁት!! ቀንድ አውጣውን! ኢንተርኔት ላይ ሙሉው አለ፤ ማንም አያየውም እንጂ።

ወታደሩ ሳይንቲስቷን «ማን ልበል?» የሚላት ሲተዋወቁ ነው። ድልድዩ ይሰበራል፣ ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ጨው የሚዘንበው። ይሞታል። ይጨፈራል። ይሳሳማሉ። አለቀ። አይመለስም። ሞቶ ነው የሚቀረው።

ፊልም ያኔ ተቆራርጦ በየጣሳው በጥቅል በጥቅል ነበር የሚመጣው፤ ኦፕሬተሩ በተራ ያስገባል። አያቴ የመጨረሻውን ጥቅል መሃል ላይ አስገብቶት ነው! አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከሞት የተነሳ ቀንድ አውጣ ሲያመልክ ኖረ!

ትራስ ነክሼ ሳቅሁ። ልነግረው ሮጥኩ። ፒጃማውን ለሆስፒታሉ ሲያጣጥፍ አገኘሁት፤ አንዱን ፒጃማ፣ ደጋግሞ። እናቴ «ተይው፣ ይረፍ» አለችኝ።

እሺ። መሣሪያዬን አስቀምጫለሁ። ሲድን አፈነዳዋለሁ።


ማክሰኞ፣ ሆስፒታል

ተራ እየጠበቅን። ወንበሩ ብረት ነው።

አያቴን አረንጓዴ ቀሚስ አለበሱት። «ይሄን የሰፋ ሰው ይታሰር» አለ። ልብስ ሰፊው ጠርዙን ገልብጦ አየና «ይታሰር» ብሎ አጸደቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ ነው የመጣው። ሁለት ሰዎች ዶክተር መስሏቸው ስለ ሆዳቸው አማከሩት። መከራቸው።

ሲያስገቡት በእጁ ጠራኝ። የሆነ ትልቅ ነገር ሊናገር መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ቁንጫ፣ አስነጣሹ አላስነጠሰም። ምስክር ሁኚ» አለኝ።

ገባ።

ቆየ።

ፀጉር አስተካካዩና ልብስ ሰፊው ስለ ትራምፔቱ መከራከር ጀመሩ፤ ነርሷ መጥታ ዝም አሰኘቻቸው። እነሱ ዝም ሲሉ ደግሞ ይብሳል። ወደ ልብስ ሰፊው ተጠግቼ «ጋሼ፣ ትራምፔቱን በግራ እጁ ነበር የሚነፋው ያሉት እርስዎ ነዎት?» አልኩት። ክርክሩ እንደገና ተነሣ። እፎይ።

አሁንም ቆየ።

ወጣ። ተኝቷል። ክፉው ነገር ተቆርጦ ወጥቷል። ድምፁስ ስንላት ዶክተሯ «እናያለን» አለች። ድምፅ ይታያል እንዴ?


ዓርብ፣ ቤት

ዶክተሯ እስክትፈቅድ መናገር ክልክል። ማንሾካሾክም ክልክል ነው።

ፊደል የቆጠርኩባትን ትንሿን ጥቁር ሰሌዳ አውጥቼ ሰጠሁት፤ እንጨቷ ላይ የጥርሴ ምልክት አለ። በጠመኔ እየጻፈ ይከራከራል። ችግሩ፣ ክርክር ሰው አይጠብቅም። ልብስ ሰፊው ዛሬ መጥቶ «ዘፋኙ ሲያለቅስ የነበረው ከትራምፔቱ በፊት ነው በኋላ?» አለው። አያቴ መጻፍ ሲጀምር ሰውዬው ለራሱ መለሰ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተጣላ፣ ታረቀ፣ ሌላ ወሬ ገባ።

ልብስ ሰፊው ፀጉር አስተካካዩን «ጉልበትህን ያመመህ ከደረጃው ሳትወድቅ በፊት ነው?» ሲለው አያቴ ሰሌዳውን ወደ ላይ አነሳ፦ «በኋላ»።

ፀጉር አስተካካዩ «እንዴት አወቅህ?» አለ፤ በጣም ገርሞታል።

ቤቱ ፀጥ ብሏል። ፀጥታ ሲኖር ሂሳብ ይሠራል ያለው ማነው? አይሠራም።


ረቡዕ

ዶክተሯ ጉሮሮውን በመብራት አየችና «ቆንጆ ድኗል። ከዛሬ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይናገሩ» አለችው። ሁላችንም አፉ ላይ አፈጠጥን፤ እኔ፣ እናቴ፣ ዶክተሯ፣ በር ላይ የቆመችው ነርስ ሳትቀር።

ሰሌዳውን ከእናቴ ቦርሳ አወጣ። «ነገ» ብሎ ጻፈ።


ዓርብ

ትናንት «ነገ»። ዛሬም «ነገ»። መሰረዙንም ትቶታል፤ ያንኑ ያነሳዋል።

እናቴ ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነገረችኝ፦ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ መናገር ካልጀመረ ጉሮሮው ያለውንም አቅም ያጣል ብላለች ዶክተሯ። ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሳሙና ገብቶባት ነው።

የኔ አስተያየት፦ ሰንፏል። ተጽፎ ሲቀርብለት ለመደ።

መታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። መስታወቱ ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ። ቆየ። ዘጋው። እንደገና ከፈተ። ጥርሱን እያየ ነው መሰለኝ። በጣቴ ጫፍ ተመለስኩ።


ቅዳሜ

ሴራ! ሴረኞቹ፦ እኔ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው። ዕቅዱ የኔ ነው፦ አያቴ ፀጉር ቤት ሲገባ ሊታገሠው የማይችለውን ክህደት ፊት ለፊቱ መናገር። ሳይጮህ አይችልም።

ልብስ ሰፊው ጀመረ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔን ከጠየቃችሁኝ… አስነጣሹ አያስቅም ነበር።»

አያቴ ቀና አለ።

«ጉንፋን የያዘው ሰው ነው እንጂ ምኑ ነው ኮሜዲያን?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ያኔ ሬዲዮው ላይ ትራምፔቱ ገባ። አልቆመም! መላጨቱን ቀጠለ! ደንበኛው ራሱ ደንግጦ «ጋሼ፣ ትራምፔቱ እኮ ነው» አለው።

አያቴ ቀላ። ተነሳ። ደረቱ ሞላ። መጣ ብዬ ጠረጴዛውን ያዝኩ። ነጠላ ጫማውን አውልቆ ልብስ ሰፊው ላይ ወረወረው፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ከሃዲዎች» ብሎ ሲጽፍ ጠመኔው ለሁለት ተሰበረ። ድምፅ ግን የለም።

አያቴ ሲወጣ ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ተደግፎ «አያስቅም አልኩ፤ በዚህ አፌ» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ ቆየ። ሻይ ገዛንለት።


ሰኞ

መሣሪያዬን አፈነዳሁ። ልጻፈው፣ ከዚያ ልተኛ።

ሦስቱም ባሉበት ስልኬን መስታወቱ ሥር፣ ማበጠሪያዎቹ መሃል አቆምኩና «ቀንድ አውጣው» አልኩ። ሦስት ራስ በአንድ ላይ ገጠመ።

መጀመሪያማ ደስታ ነበር። «ያውና! ያውና ቀንዱ!» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «እንዲህ ትንሽ ነበር እንዴ?» ይላል ልብስ ሰፊው፤ ስልኩ መሆኑን ረስቶ። ወታደሩ «ማን ልበል?» የሚልበት ቦታ ደረሰ። «ቸኮለ» አሉ። ድልድዩ ተሰበረ። «ጨውስ?» «ቆይ ይመጣል።» ኮረብታው። ከዚያ ጨው፣ አረፋ፣ ጭፈራ፣ መሳሳም፣ የማይነበብ ጽሑፍ፣ ጨለማ።

«ቀጥዪው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አለቀ ጋሼ።»

«አላለቀም። አሁን ይነሳል።»

«አይነሳም። ያኔ ጥቅሉ ተቀያይሮ ነው። ሞቶ ነው የሚቀረው።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ሳቅ ነበር የጠበቅኩት፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ የአያቴን ጩኸት።

«ሞቶ ነው የቀረው?» አለ ልብስ ሰፊው፤ የዘመድ ሞት እንደተረዳ ሰው።

«እኔ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ፣ «ሚስቴን አግቢኝ ያልኳት በዚያ ምሽት ነው። ከሲኒማ ስንወጣ። 'እንደዚያ ቀንድ አውጣ ነኝ፤ ብትገድዪኝም ተመልሼ እመጣለሁ' ብያት። በዚያ ነው እሺ ያለችኝ።»

አያቴ የጠቆረውን ስልክ እያየ ቆየ፤ የገዛ ፊቱ ነበር የሚታየው። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሰሌዳውን እዚያው ትቶ። አልጮኸም፣ አልጻፈም፣ አላየኝም።

ለምን ዝም አላልኩም? ዝም ማለት የሚያስፈልገው እኮ ለኔ ነበር። ቁንጫ ነኝ እውነትም፤ ከመንከስ ሌላ ምን አውቃለሁ።


ማክሰኞ

ሁለቱ ሽማግሌዎች ኮት ለብሰው ቤታችን መጡ። አያቴ ከትናንት ጀምሮ ከክፍሉ አልወጣም ነበር፤ እናቴ ለምና አወጣችው። ፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳዋን አምጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለትና ለዕርቅ እንደተላከ ሽማግሌ ቆሞ ተናገረ።

«አስበንበታል። የተሳሳተው ስልኩ ነው።»

«ምን?» አልኩ።

«ስልኩ ላይ የጫነው ልጅ ጥቅሎቹን አዘበራርቋቸዋል። ልጅ ነዋ! የት ያውቃል ጥቅል?»

«ደግሞስ» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ጭራቁ ሞቶ አለቀ የሚባል ፊልም ማን ይሠራል? ሰው ለምን ብሎ ያየዋል? አንቺ ልጅ፣ እስቲ አስቢው።»

ሁለቱም ወደ አያቴ ዞሩ። «ኦፕሬተር፣ ያጫወትከው አንተ ነህ። ንገረን።»

አያቴ ፀጉር አስተካካዩን አየው። ልብስ ሰፊውን አየው። አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት፤ እናቴም ሰምታ በሩን ያዘች። ከዚያ ዘጋውና ጠመኔውን አነሳ።

«ስልኩ ተሳስቷል።» አሰመረበት።

«አላልኩህም!» አለ ልብስ ሰፊው። ፀጉር አስተካካዩ ተቀመጠ፤ እንደገና ያገባ ሰው ይመስል ነበር። አያቴ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ አየኝና አንድ ዓይኑን ጨፈነልኝ።

ይቅር ብሎኛል ማለት ነው? ሰሌዳውን ቀምቼ ልጠይቀው አማረኝ። ቀጠሮው ግን ዓርብ ነው፤ እሱ አሁንም በጠመኔ ነው የሚዋሸው።


ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ነገ ቀጠሮ ነው። እናቴ ከመሥሪያ ቤት ቀድማ መጥታ ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ያላጠፈችው ልብስ የለም። እኔ ሂሳብ እየሠራሁ ነው። ይኸውና መጽሐፉ ተከፍቷል።

እስከዚያው ግን ለታሪክ የሚሆን አንድ ነገር ልጻፍ፤ እውነቱን የምናውቀው በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነንና አንዱ አይናገርም። ጥያቄው፦ ያን ምሽት በኦፕሬተሩ ክፍል ውስጥ ምን ተፈጠረ? ጣሳዎቹ ላይ ቁጥር አለ። ዕድሜውን ሙሉ «እኔ አንድ ጥቅል ተሳስቼ አላውቅም» ብሎ የኮራ ሰው የመጨረሻውን እንዴት መሃል ላይ ያስገባል?

የመጀመሪያው ግምት፦ በመስኮቷ አንዲት ቆንጆ ሲያይ ነበር። አያቴ ይሄን ቢሰማ ይወደው ነበር፤ ስለዚህ እውነት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው፦ ሆን ብሎ ነው። ጭራቁ ሞቶ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲሄድ አሳዝኖት፣ ይመለስ ብሎ። ይሄንን ለማመን ፈልጌ ነበር። ማክሰኞ፣ ዓይኑን ሲጨፍንልኝ፣ ለትንሽ ጊዜ አምኜውም ነበር። ነገር ግን ሁለተኛ ግምቴን ከጻፍኩት በኋላ ሳነበው ዘፈን ዘፈን ይለኛል። ደግሞም እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆነ፣ ለምንድነው ራሱ ለመመለስ እንዲህ የሚፈራው? (ይሄን መስመር እሰርዘዋለሁ።)

ሦስተኛውና ሳይንሳዊው፦ ተኝቶ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ማሽኑ ይሞቃል፣ ጥቅሉ ይንሿሿል፤ እንቅልፍ የማይወስደው ማነው? ታላቁ ኦፕሬተር አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ማይክሮፎኑ ክፍት ሆኖ አንኮራፋ። ሕዝቡ የቀንድ አውጣው ድምፅ መሰለው! ያ ሁሉ ሰው የተንቀጠቀጠለት ድምፅ ማንኮራፋት ነው። ከዚያ ጥቅሉ አልቆ ማሽኑ ሲያጨበጭብ ባንኖ ተነሳና እጁ የደረሰበትን ጣሳ አነሳ። በቃ። ጉዳዩ ተዘግቷል። የከተማው ትልቁ ታሪክ የአንድ ሰው እንቅልፍ ነው።

ከኋላዬ ወለሉ ተንቋቋ። እናቴ ናት፤ ሂሳቡን ልታይ። ገጹን በክንዴ ሸፍኜ እየጻፍኩ ነው፤ «ተኝቶ ነበር» የሚለውን ግን ማንም ቢመጣ አልሰርዘውም፤ ምክንያቱም ያልተኛ ኦፕሬተር እንዴት አድርጎ

«ቁንጫ! ማነው የተኛው?»